የጀሶ አይብ

አኒዬሎ አራተኛውን ምስማር ሲመታ በጉ መጮኹን አቆመ። እስከዚያ ድረስ ሲጮኽ ነበር፤ ጩኸቱ ይሻል ነበር። አሁን ግን አፉን ገርበብ አድርጎ ዝም ብሎ ያየዋል። አኒዬሎ መዶሻውን ሽርጡ ውስጥ ሻጠና ፊቱን አዞረ። ምስማሩ የገባው በቋንጃው መሐል፣ ደም ስሩን ሳይነካ ነው። ይህን ሙያ ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እንዲህ የተቸነከረ በግ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይሞትም።

ትእዛዙ «በሕይወት ይቆዩ» ነው። ከመስፍኑ ሰገነት ላይ ሆነው የሚመለከቱት እንግዶች የእንስሳቱን ድምፅ ካልሰሙ በዓሉ ቀዘቀዘ ይላሉ። ስለዚህ በየዓመቱ በቅበላ እሁዶች በጎቹ በእግራቸው፣ ዝይዎቹ በክንፋቸው፣ ከነነፍሳቸው ከእንጨት ጋር ይቸነከራሉ። ናፖሊ ጾሟን የምትቀበለው እንዲህ ነው።

ሥራው «የጥጋብ ተራራ» ይባላል። በመስፍኑ ግቢ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ከሦስት ፎቅ ቤት የሚስተካከል የእንጨት ተራራ ይቆምና በምግብ ይለብሳል። ከታች ዳቦና የአሳማ ስብ፣ ከመሐል አይብ፣ የደረቀ የአሳማ ጭንና እነዚህ የተቸነከሩ ፍጥረታት፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ በወርቃማ ጥብጣብ የታሰረ እንደ ሙሽራ የሚታይ አንድ ትልቅ ክብ አይብ። የመስፍኑ ሚስት ነጭ መሐረቧን ከሰገነት ስትጥል ሕዝቡን የሚያግደው ገመድ ይበጠስና ድኻው ይዘርፈዋል። ጫፉ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው አይቡን በሕዝብ ፊት ይነክሳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ሠፈሩ ስሙን እየጠራ ይዘፍንለታል። መንከሱ ግዴታ ነው፤ ያልነከሰ እንዳልወጣ ይቆጠራል።

አኒዬሎ አይብ ነጋዴ ነው። ተራራውን ሲያለብስ ይህ አሥራ ዘጠነኛ ዓመቱ ነበር። አንድ ጊዜ በዚህ ሥራ ይኮራ ነበር ቢባል ውሸት አይደለም። አይቦቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማገሩ ላይ ሲያንጠለጥል፣ ቀዩን ሥጋ ከነጩ ስብ ጋር ሲያዛምድ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «እጅህ ይባረክ» ይለው ነበር። የዘንድሮው ግን ያንገሸግሻል። ረሃብ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከገጠር የፈለሰው ሕዝብ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተኝቶ ያድራል፤ ጧት የሚነሣው ከተኛው ያንሳል። የከተማው ሰው የሚበላው ዳቦ ከግብጦና ከገለባ የተጋገረ ጥቁር ነገር ነው፤ ሲቆርሱት ይበናል። በዚህ መሐል ነው እንግዲህ መስፍኑ ተራራው እንዳይቀር ያዘዘው።

የተራራውን ሥራ በኮንትራት የያዘው ዶን ፉልጄንሲዮ የሚባል ሰው ነው። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ጣፋጭ ነገር ይይዛሉ። ከሦስት ቀን በፊት አኒዬሎን ጠርቶ ሥጋውን አሳየው። ስቡ ቢጫ ሆኗል፤ የአሳማው ጭን አረንጓዴ አውጥቷል።

«በሆምጣጤ እጠበውና ጥላሸት ቀባው» አለው ዶን ፉልጄንሲዮ። «ከሩቅ ያጨሱት ይመስላል።»

«ይሸታል እኮ፣ ጌታዬ።»

«የተራበ ሰው አፍንጫ የለውም።»

ቀጥሎ የታየው ግን ከሥጋውም የባሰ ነበር። ለጫፉ የተዘጋጀው አይብ ከጀሶ የተሠራ ነው። በቢጫ አፈር ተቀብቷል፤ እንዲሸት ደግሞ ጮማ ተለቅልቋል። ከሥሩ ያለው እንጨት ወፍራም አግዳሚ መሆኑ ቀርቶ የዶሮ ቤት የማያቆሙ ቀጫጭን ጣውላዎች ተገጥግጠዋል፤ በላዩ ሸራ ተወጥሮ ቅጠል ተለጥፎበታል።

«ጌታዬ፣ እዚህ ላይ እኮ ሰው ይወጣበታል» አለ አኒዬሎ። «ይሰበራል።»

ዶን ፉልጄንሲዮ በማር የተለወሰ ለውዝ ያኝክ ነበር። አውራ ጣቱን ከጠባ በኋላ ነው የመለሰለት።

«ሲወጡም ያስቃሉ፣ ሲወድቁም ያስቃሉ። አንተ ጥብጣቡን አሳምረህ እሰር። ከአፍህ አንዲት ቃል ብትወጣ ደግሞ የሱቅህን በር ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ያ የተጠባ አውራ ጣት ከአኒዬሎ ዓይን ሦስት ቀን ሙሉ አልጠፋም። እህል በቀረበለት ቁጥር እየመጣ ያቅለሸልሸዋል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ያውቃል። ባለፉት ሦስት ዓመታት ጫፉ ላይ ወጥቶ አይቡን የነከሰው የገዛ እኅቱ ባል ሳባቶ ነው። ዘንድሮም እሱ ነው የሚወጣው።

አኒዬሎ በጉን ከቸነከረ በኋላ ረፋዱ ላይ ሥራውን ጥሎ ወደ ላቪናዮ ሠፈር ወረደ። ሳባቶን ያገኘው እንደጠበቀው ጨጓራ ሻጯ ድስት አጠገብ ነው። ዘንድሮ በድስቱ ውስጥ ከውኃው በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ቢሆንም ሰው በሸክላ ጎድጓዳ እየተቀበለ፣ ቁንዶ በርበሬ እየነሰነሰ፣ ትኩሱን መረቅ ይጠጣል። ሳባቶ የወደብ ተሸካሚ ነው። ትከሻው እንዳለ ነው፤ ከትከሻው በታች ግን ሸሚዙ ሰው ያጣ መስሏል። ጓደኞቹ ስድስት ሆነው ከበውታል። ለከሰዓቱ ዝርፊያ ተማምለው፣ እግራቸውን ለመውጣት እንዲመች በአመድ አሽተዋል።

«አማቼ መጣ» አለ ሳባቶ። «ራቅ በል እስቲ፣ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ትሸታለህ። መረቁን ታበላሽብናለህ።»

«ሳባቶ፣ ላንድ አፍታ ወደዚህ ና።»

«እዚሁ ተናገር። እነዚህ ወንድሞቼ ናቸው።»

አኒዬሎ ግራና ቀኝ አየ። «ዛሬ ጫፉ ላይ እንዳትወጣ። ከመሐል የቻልከውን አንሣና ውረድ። ላይ ያለው አይብ ጀሶ ነው። እንጨቱም ሰው አይችልም።»

ሳባቶ መረቁን ፉት አለ። ጓደኞቹን አየ። እነሱም እሱን አዩት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ፤ ጨጓራ ሻጯ ሳትቀር ጭልፋዋን ይዛ ሳቀች።

«አሁን ለማን ሸጥከው?» አለ ሳባቶ።

«ምኑን?»

«ጫፉን ነዋ። የዛሬ ሦስት ዓመት ለተቀናቃኞቻችን ለዓሣ አጥማጆቹ ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው? ‹አይቡ ተልቷል፣ እንጨቱ ነቅዟል፣ አትድከሙ› አላልካቸውም? እነሱ አምነውህ ከታች ስብ ሲለቃቅሙ እኔ ወጣሁ። ያን ቀን አቅፈህ ስመኸኝ አልነበር?»

እውነት ነው፣ አኒዬሎ ብሏል። ተራራ አልባሾች ሁሉ ያደርጉታል። ለወዳጃቸው ቡድን እውነቱን፣ ለሌላው ውሸቱን ሹክ ይላሉ። በዚህ ከተማ አልባሽ «ባዶ ነው» ካለ ሙሉ ነው፤ «ሙሉ ነው» ካለ ባዶ ነው። ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል።

«ያ ሌላ ነው» አለ። «ይኼ እውነት ነው። በእናቴ ዐፅም።»

«ያኔም በእናትህ ዐፅም ነበር የማልክላቸው። እናትህ እዚያው መቃብር ውስጥ ስንቴ ተገላበጡ?» ሳባቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳቁም ጠፋ። «ስማ፣ አኒዬሎ። እኅትህ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ ጡቷ ደርቋል። ሕፃኗ የምትጠባው ባዶ ቆዳ ነው። ያን አይብ ይዤ ካልገባሁ ምን ይዤ እገባለሁ? አንተ ለሌላ ሰው ሸጠኸው ከሆነ ይቅር ይበልህ። እኔ ግን እወጣለሁ።»

አኒዬሎ የገዛ አፉን ተጸየፈ። ሲመለስ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ከፍርስራሽ ላይ የነቀለችውን ቅጠል በጥሬው ታኝካለች፤ ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኗል። አላየኋትም ብሎ ለማለፍ ሞከረ፤ አየችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አደባባዩ ጢም ብሎ ሞላ። ከገመዱ ወዲያ ጦር የያዙ ዘቦች ተደርድረዋል። ከነሱ ኋላ ሕዝቡ ነው፤ ብዙ ስለሆነ የሚታየው ፊት ሳይሆን አፍና ዓይን ብቻ ነው። ሰገነቱ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ሰው ሠራሽ ፀጉር ያጠለቁ መኳንንትና ወይዛዝርት ተቀምጠዋል። አሽከሮች በስኳርና በቀረፋ የተጋገረ፣ ሆዱ ማካሮኒ የሆነ ትልቅ ቂጣ እየቆረሱ ያድላሉ። የተራራው ሽታ ስለሚደርሳቸው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው በሌላው እጃቸው ይጎርሳሉ። አኒዬሎ ከተራራው ሥር ቆሞ ይህን አየ። እነሱ የሚጸየፉት ሽታ የሱ ነው። ሸሚዙ፣ ፀጉሩ፣ ጥፍሩ ሁሉ ይሸታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያለብስላቸው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ቦታ ቀና ብሎ አፋቸውን አላየም ነበር። የሚያስጠላ ነገር ነው፤ ሲያኝኩ ሁሉም አንድ ናቸው።

ሳባቶ ከፊተኛው መስመር፣ በግራ ማዕዘን ገመዱን ተደግፎ ቆሟል። ጫማ የለውም። ዓይኑ ከጫፉ አይነቀልም።

አኒዬሎ ወደ ዘቦቹ አለቃ ሄደና «ጥብጣቡ ዞሯል፣ ላቃናው» አለ። አለቃው እጁን አወዛወዘለት። አልባሽ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መውጣት ይፈቀድለታል።

ወጣ። ከታች ያለውን ዳቦ፣ የሚያላዝኑትን ዝይዎች፣ ጧት የቸነከረውን በግ አለፈ። በጉ አሁንም ያየዋል። ከመሐለኛው እርከን በላይ ሲደርስ ጣውላው ከእግሩ ሥር ተንቋቋ። ሆዱን በእንጨቱ ላይ አጣብቆ ተሳበ። ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ እጁን ምሰሶው ላይ ጠምጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሸራው ከሥሩ ወደ ታች ጎበጠ።

«ጀሶ ነው» ብሎ ተጣራ። «ሳባቶ፣ ጀሶ ነው።»

ከበሮው ይመታል፤ እንስሳቱ ይጮኻሉ፤ ሕዝቡ ይንጫጫል። ማንም አልሰማውም። ቢሰሙትም ማን ያምነዋል? የአልባሽ ቃል ነው። አኒዬሎ አይቡን ከጥብጣቡ ፈቶ በሁለት እጁ ከፍ አደረገው፤ ሁሉም እስኪያየው ጠበቀ። ዘንድሮ በዚህ አደባባይ ሰው የሚያምነው ነገር አንድ ብቻ ነበር። አፉን ከፈተና በሙሉ ኃይሉ ነከሰ።

ጥርሱ ሲሰበር ድምፁን በጆሮው ውስጥ ሰማው። አፉን የሞላው ጀሶ፣ የገማ ጮማና የገዛ ደሙ ነበር። ተፋው፤ ነጭና ቀይ ሆኖ ሸሚዙ ላይ ወረደ። አይቡን ከምሰሶው ጋር ሲያጋጨው ለሁለት ተከፈለና ነጭ ዱቄት በተራራው ላይ ተበተነ።

ፊት የነበሩት ዱቄቱን አዩ። ኋላ ያሉት ግን ያዩት ሌላ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሲነክስ አዩ። ጫፉ ከተነከሰ ደግሞ ተራራው ተከፍቷል ማለት ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ማን ገመድ በጠሰ ማን ዘብ ገፋ ለማለት ጊዜ አልነበረም። የመስፍኑ ሚስት መሐረብ ገና እጇ ላይ እያለ አደባባዩ እንዳለ ወደ ተራራው ፈሰሰ።

አኒዬሎ ከላይ ሆኖ ሁሉን አየ። ሰው ዝይውን ጎትቶ ሲወስድ ክንፉ ከምስማሩ ጋር እንጨት ላይ ቀረ። ሽማግሌዎች በጥላሸት የቀባውን ጭን በጥርሳቸው ሲቀዱት ጥቁሩ እስከ ጉንጫቸው ይደርሳል። አንድ ሰው የገማውን ስብ በሁለት እጁ ወደ አፉ ይጠቀጥቃል፤ እያስታወከ ይጠቀጥቃል። ይህን ገበታ የዘረጋው ማን ሆነና ነው አሁን የሚዘገንነው?

ሳባቶ መሐለኛው እርከን ላይ ደርሶ ቆመ። ፀጉሩ ላይ ነጭ ዱቄት አርፎበታል። ጣቱን በዱቄቱ አስነክቶ ቀመሰው። ወደ ላይ ቀና አለ።

«አንተ ጅል፣ ውረድ» አለ። «እንጨቱ አይችልህም።»

ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ የተቸነከረውን በግ አቀፈና ከእንጨቱ ነጠለው። ጓደኞቹም ከሱ አላለፉም። አኒዬሎ የማዕዘኑን ምሰሶ አቅፎ ተንሸራተተ፤ መዳፉ ተገሽልጦ አለቀ። መሬት በረገጠ ቅጽበት ጫፉ እንዳለ፣ ከነሸራው ከነቅጠሉ፣ ባዶውን እርከን ደርምሶ ወረደ። ማንም አልነበረበትም።

ከሰገነቱ ጭብጨባ ተሰማ። መጀመሪያ አላመነም። ቀና ሲል ግን ጓንት ያጠለቁ እጆች ናቸው፤ ያጨበጭባሉ። አንዲት ወይዘሮ በሳቅ ብዛት ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ወድቃለች።

ግርግሩ ሲበርድ ዶን ፉልጄንሲዮ መጣ። አኒዬሎ ባዶው ተራራ ሥር ተቀምጦ አፉን በሽርጡ ይዟል። ሱቁ እንዳበቃለት ደምድሞ ነበር። ሰውየው ግን ፊቱ በርቷል፤ ከንፈሩ ላይ ስኳር አለ።

«መስፍኑ በሳቅ እንባቸው መጣ» አለ። «ዱሮ ይኼ ዐሥር ደቂቃ የማይሞላ ዝርፊያ ብቻ ነበር። አንተ ግን ጨዋታ ጨመርክበት። ወይዘሮዋ ‹ጥርሱን የሰበረው ሰውዬ በሚቀጥለው እሁድም ይደገም› ብለዋል። አይቡን እኔ አሠራለሁ።» ጎንበስ ብሎ የአኒዬሎን አፍ እንደ ፈረስ አፍ ተመለከተ። «ጥርስ ይቀርሃል አይደል?»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ የአኒዬሎ አፍ።

ማሰብ አላስፈለገውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ በራሱ ነው የተናገረው። በዚያ ቀን ካየው፣ ካሸተተውና ከቀመሰው ሁሉ ያቺ «እሺ» በለጠችበት። ግድግዳ ተደግፎ አስታወከ፤ ዱቄት ነው የወጣው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እኅቱ ቤት ደረሰ። የካንዴሎራ ቤት በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት አንድ ክፍል ነው። አልጋው፣ ምድጃውና የማርያም ሥዕል አንድ ላይ ተጠጋግተዋል። ሳባቶ በጉን ደጃፉ ላይ አርዶ ገፎታል። ጎረቤቱ ሁሉ ድርሻውን ወስዷል፤ የቀረው ከጎመን ግንድ ጋር ድስት ውስጥ ይንተከተካል። ሕፃኗ አልጋው ላይ ተኝታለች። ካንዴሎራ የመጀመሪያውን መረቅ ቀድታ ጠጥታለች መሰል፣ ፊቷ ላብ አውጥቷል።

«ጅሉ መጣ» አለ ሳባቶ። ከወንበሩ ተነሥቶ ለአኒዬሎ ለቀቀለት። ይህን ከዚህ ቀደም አድርጎ አያውቅም። «ጠዋት እውነትህን ነበር።»

«እውነቴን ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ብለን እንወቅ?»

ካንዴሎራ ከድስቱ ቅልጥም አወጣችና ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ከቋንጃው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ጣቷን ከተተችበት፣ በወዲያኛው በኩል ወጣ። አገላብጣ አየችው። ሌላውንም እግር አወጣች፤ እሱም ያው ነው።

«በሕይወት እያለ ነው?» አለች።

«አዎ» አለ ሳባቶ።

«ማን ነው የቸነከረው?»

ሳባቶ ወደ መሬት አየ። ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ አኒዬሎ።

ካንዴሎራ ወንድሟን አየችው። አልጮኸችበትም፤ ቢሆንለት ብትጮህበት በወደደ። በጉም ጧት እንዲህ ነበር ያየው። ቅልጥሙን ከነቀዳዳው ሳህን ላይ አድርጋ ከፊቱ አስቀመጠችው። ለሳባቶም ለራሷም ገና አላወጣችም።

«በሚቀጥለው እሁድ አልሄድም» አለ አኒዬሎ። አፉ በቀኝ በኩል ስላበጠ ቃሉ ተድበስብሶ ነው የወጣው። «እሺ ብያለሁ፣ ግን አልሄድም።»

«ሌላ ሰው ይቸነክራል» አለ ሳባቶ።

«ይቸንክር።»

አኒዬሎ ሽርጡን ፈታ። መዶሻው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሕፃኗ ባነነች። ካንዴሎራ አነሣቻትና ጡቷን ሰጠቻት፤ እስኪ ወተቱ ይመጣ እንደሆን ብላ አጎንብሳ ጠበቀች። ሦስቱም አዳመጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕፃኗ ስትውጥ ተሰማ።

ካንዴሎራ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ብላ እንግዲህ» አለችው። «በግራህ በኩል አኝክ።»